የፋብሪካ ሥሩ ወዴት ነው?

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ስለ አገራችን ፋብሪካዎችና መንግሥት በየዘመኑ ለእነርሱ ስላወጣቸው መመሪያዎች ጥቂት ቃል ልናገር አስቤአለሁ። ነገሩ የባለሥልጣንና የባለሀብት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ ከየግቢያችን ደጃፍ የሚጀምር መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ሰፈር ነው። በአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ላፍቶን፣ ለቡንና ጀሞን የመሳሰሉ ሰፈሮችን አቅፎ የያዘ ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ በዚያ አካባቢ ከተተከለው፣ ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፈው ጣቢያ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ ቃል ከአገር ወደ አገር የሚሄድ በመሆኑ፣ ሕዝቡ በንፋስ የሚነጋገር ስልክ ነው ብሎ ስም አወጣለት። እንግዲህ በሬዲዮ ለሚናገር ሰው ከዚህ ሰፈር ተነሥቶ መናገር ደስ የሚያሰኝ ነው።

ከጎተራ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ሳሪስ የሚወርድ መንገደኛ የፋብሪካን ታሪክ በግራና በቀኝ እያየ ይሄዳል። የታክሲ ረዳት «አደይ አበባ» እያለ ሲጣራ የሚጠራው የክር ፋብሪካን ስም ነው። የቀለም ፋብሪካው የሰፈሩን ስም ወርሶ ንፋስ ስልክ ተብሏል፤ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካም በዚሁ መሥመር አለ፤ ወደ መካኒሳ ቢታጠፉ ደግሞ የአልኮል ፋብሪካው ይገኛል። ፋብሪካዎች በከተማው ደቡብ የተሰለፉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር በአቃቂ በኩል ይገባ ስለ ነበር፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽንና ጥሬ ዕቃ አስቀድሞ የሚያገኘው ይህን ወገን ነበር። ከ100 ዓመት በኋላ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም ጣቢያውን በለቡ አካባቢ ተከለ።

እነዚህን የመሰሉ የአገራችን ፋብሪካዎች ብዙ መመሪያ ሲወጣና ሲወርድ አይተዋል። እስቲ ባጭሩ እንመልከተው።

በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የመጀመሪያው የ5 ዓመት ፕላን በ1950 ዓ.ም. ተጀመረ። ሁለተኛው ከ1955 እስከ 1959፣ ሦስተኛው ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. ቀጠሉ። የዚያ ዘመን መመሪያ የውጭ አገር ገንዘብና ዐዋቂ ወደ አገር እንዲገባ መጋበዝ ነበር። አዲስ ፋብሪካ ላቆመ ባለገንዘብ ለ5 ዓመት የገቢ ግብር ምሕረት ይደረግለት ነበር፤ ከውጭ ከሚመጣ ሸቀጥም በቀረጥ ይጠበቅ ነበር። በሆላንዶች ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ የዚያ ዘመን ዋና ምሳሌ ነው። በእርግጥም ፋብሪካ ተተከለ፤ ሠራተኛም ሠለጠነ። ይሁን እንጂ ከፋብሪካዎቹ ብዙዎቹ ባለቤታቸውም፣ ማሽናቸውም፣ አልፎ አልፎም ጥሬ ዕቃቸው ሳይቀር ከባሕር ማዶ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የደርግ መንግሥት በጥር ወር 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ፈጽሞ ወረሰ፤ በ29 ሌሎች ድርጅቶችም ውስጥ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። በታኅሣሥ ወር 1968 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ደግሞ በግል የሚቋቋም ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ከለከለ። በዚያም ዘመን የሙገር ሲሚንቶና የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የመሳሰሉ ትልልቅ ሥራዎች መሠራታቸው ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ሰው በጥረቱ እንዳያድግ ጣሪያ ስለ ተበጀለት፣ ችሎታ ያለው ባለሙያ ሥራውን ከማስፋት ይልቅ ማሳነስን እንደ ብልኀት ቈጠረው። መንግሥት ራሱ ይህን ተረድቶ በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ እንደሚከተል ቢያስታውቅም ጊዜው አልፎ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደግሞ መመሪያው እንደ ገና ተገለበጠ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ 1 የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም መመንዘሩ ቀርቶ 5 ብር ሆነ፤ የተወረሱት ፋብሪካዎችም በተራቸው ወደ ግል ይዞታ ይሸጡ ጀመር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስልት ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ስፌትን፣ ቆዳን፣ የእርሻ ውጤት ማቀነባበርንና የመሳሰሉትን አስቀድሞ፣ መሬትና የባንክ ብድር እንዲያገኙ አደረገ። ከዚያም የኢንዱስትሪ ፓርክ ዘመን መጣ፤ የሐዋሳው ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚሁ በለቡ በኩልም ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ ሠሪ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. የቀላል ኢንዱስትሪ ከተማ ሊሠራ መሠረት ጣለ። በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚለው ንቅናቄ ተጀመረ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ።

አድማጮቼ፤ ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ማንንም ለማመስገን ወይም ለመውቀስ አይደለም። አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ ነው። መንግሥታቱ በሐሳብ እጅግ ቢለያዩም ለፋብሪካ የሰጡት ስጦታ እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ ይኸውም መሬት፣ የግብር ምሕረትና ብድር ነው። እነዚህ በዐዋጅና በደብዳቤ የሚሰጡ ስለ ሆኑ ለመስጠት ቀላል ናቸው። ጊዜንና ትዕግሥትን የሚጠይቁት፣ የጥሬ ዕቃው ጥራት፣ የመለዋወጫው መገኘትና የሠራተኛው ዕውቀት ግን በየዘመኑ ለነገ ተባሉ። ለዚህም ይመስላል በሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአገር ምርት ውስጥ 8 በመቶ እንዲደርስ የታሰበው የፋብሪካ ድርሻ፣ ዕቅዱ ሲፈጸም 7 በመቶ እንኳ ያልሞላው። ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ የተዘረጋው የ10 ዓመት ዕቅድ ይህን ድርሻ ወደ 17.2 በመቶ ለማሳደግ ያስባል። የሐሳቡ ትልቅነት የሚያስመሰግን ነው፤ የሚፈጸመው ግን ሥሩ ውሃ ሲያገኝ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደ ተባለ፣ እኔም ከሥሩ እንድጀምር ፍቀዱልኝ።

በልጅነቴ የፋሲካ ዕለት በጉ ታርዶ ገና ሥጋው ሳይከፋፈል «ቆዳ ያለው! ሌጦ ያለው!» የሚል ድምፅ በደጃችን ይሰማ ነበር። እናቴ ሌጦውን በገንዘብ ሰጥታ በገንዘቡ ቡና ትገዛ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ባለፉት ዓመታት ግን በበዓል ማግሥት በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ሳልፍ፣ ያው የበግ ሌጦ ከቆሻሻ ጋራ ተጥሎ ውሻ ሲጐትተው አይቻለሁ። በከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ በሆነች አገር፣ የደጋ በጓ ሌጦ ስስነትና ጥንካሬን በአንድነት ስለ ያዘ ለእጅ ጓንት በዓለም ገበያ በሚመረጥባት አገር፣ ሌጦ ለውሻ ተጣለ። ይህ እንዴት ሆነ?

በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ያልተለፋ ወይም በከፊል የተለፋ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚልክ ሰው ላይ ከመቶ 150 ቀረጥ ጣለ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ቀረጡ ለማለቅ ጥቂት ወደ ቀረው ቆዳ ከፍ አለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ጥሬ ቆዳ ሸጠን ጫማ ከምንገዛ፣ ቆዳውን እዚሁ አልፍተን፣ ጫማውንም እዚሁ ሰፍተን የእጅ ዋጋውን እኛ እናግኝ ማለት ነበር። ነገር ግን በሩ በአንድ ወገን ሲዘጋ በሌላው ወገን መንገዱ ገና አልተጠረገም ነበር። ቆዳውን ጨርሶ ለማልፋት የሚያስፈልገው ኬሚካል የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ለእርሱም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ፋብሪካ አቅም አነሰው፤ ገዢ ሲቀንስ የቆዳው ዋጋ ወረደ፤ በዓለም ገበያም ሰው ሠራሽ ቆዳ እየበዛ ሄደ። ዋጋው ሲወርድ ሰብሳቢው ከየደጃፉ ቀረ፤ ሰብሳቢው ሲቀር ሌጦው ተጣለ።

ከዚህም የባሰው የጥራቱ ነገር ነው። እከክ የሚባለው የበግና የፍየል የቆዳ በሽታ፣ ቅማልን የመሳሰሉ ተባዮች የሚያመጡት፣ እንስሳው በሕይወት ሳለ ሌጦውን በነጠብጣብ ያበላሸዋል። ነጠብጣቡ በጥሬው ላይ አይታይም፤ ከተለፋ በኋላ ብቅ ሲል ግን ዋጋውን ይጥለዋል። በዕርድ ጊዜ ደግሞ ቢላዋው ይበሳዋል። ጨው ሳይነሰነስበት ሲያድር ይበሰብሳል። እንግዲህ ያ ሁሉ ቀረጥና ዐዋጅ፣ ያ ሁሉ ብድርና ማሽን የተመሠረተው፣ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወደ አንድ ገበሬ መንደር በጊዜው በመድረሱና አንዲት እናት አንድ እፍኝ ጨው በመነስነሷ ላይ ነበር። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ ይባላል። በቆዳችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሁለተኛውን ነገር በምሳሌ ልንገራችሁ። በክፍለ ከተማው ውስጥ ከሰባት ሠራተኞች ጋራ ጫማ የሚሠራ አንድ ጐልማሳ አውቃለሁ። የሥራ ቦታውን በአነስተኛ ኪራይ አግኝቷል፤ ማሽኑንም በብድር ገዝቷል። መመሪያው የሚያዝዘው ሁሉ ተደርጎለታል ማለት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ግን የማሽኑ አንድ ጥርስ ተሰበረ። ጥርሱ ከውጭ አገር ካልሆነ አይገኝም ተባለና ለውጭ ምንዛሪ ተራ ያዘ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር አለፈ። ማሽኑ አቧራ ለበሰ፤ ሰባቱም ሠራተኞች ቤታቸው ዋሉ፤ የብድሩ ወለድ ግን አንድ ቀን እንኳ ቤቱ አልዋለም።

በመጨረሻ አንድ ወዳጁ ሳሪስ አጠገብ ወዳለ ቶርኖ ቤት ወሰደው። ባለ ቶርኖው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሥራውን የተማሩት በትምህርት ቤት አይደለም፤ በልጅነታቸው ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበሉ ነው። የተሰበረውን ጥርስ በመዳፋቸው አገላብጠው አዩት፤ ለኩት፤ በአምስተኛው ቀን በቶርኖና በፍሬዛ አዲስ ሠርተው ሰጡት። ማሽኑ ተነሣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥርሱ እንደ ገና ተበላ። ጐልማሳው ሊከሳቸው እንጂ ሊያመሰግናቸው አልነበረም የሄደው። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ እጄ አልሳተም፤ ብረቱ ነው የሳተው። ለዚህ የሚሆን ጠንካራ ብረት ስጠኝ፣ ከባሕር ማዶው የማያንስ እሠራልሃለሁ» አሉት።

አድማጮቼ፤ እኒህ ሰው የተናገሩት ቃል ብዙ ገጽ ካለው ጥናት የማያንስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጫማ የሚሠራውን እንደግፋለን፤ ጫማ የሚሠራውን ማሽን የሚጠግነውን ግን ማን ይቈጥረዋል? ለትልቁ ፋብሪካ ማሽን ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ሲፈቀድ፣ ለባለ ቶርኖው የሚሆነው ደኅና ብረት በምን ዋጋ ይገባል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የ10 ዓመቱ ዕቅድ ራሱ ሲጀመር ፋብሪካዎቻችን የሚሠሩት ከአቅማቸው በግማሽ ያህል መሆኑን ገልጦ፣ ወደ 85 በመቶ ለማድረስ ያስባል። ይህ ማለት አንድ አዲስ ፋብሪካ ሳንተክል፣ የቆመውን ማሽን ብናንቀሳቅስ ብቻ የአገር ምርት እጅግ ሊያድግ ይችላል ማለት ነው። አዲስ ፋብሪካ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ የቆመ ማሽን ሲነሣ ግን የሚያጨበጭብ የለም። የሰባቱን ሠራተኞች ምሳ የመለሰው ግን ይኸው የማይጨበጨብለት ሥራ ነበር።

ሦስተኛው የዕውቀት ነገር ነው። የባንግላዴሽን ታሪክ ላንሣ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዴሽ የተባለ የባንግላዴሽ የልብስ ስፌት ድርጅት 130 ያህል ሠራተኞቹን ለሥልጠና ወደ ኮሪያ፣ ወደ ዴዉ ኩባንያ ላከ። ከእነዚያ ሠልጣኞች ብዙዎቹ በኋላ ከድርጅቱ ወጥተው የየራሳቸውን የስፌት ፋብሪካ ከፈቱ። ለዴሽ ጉዳት መስሎ ነበር፤ ለአገሪቱ ግን ዘር ሆነ። ባንግላዴሽ ዛሬ ልብስ ወደ ውጭ በመላክ በዓለም ከታወቁት አገሮች አንዷ ናት።

በእኛም አገር የውጭ ኩባንያዎች መምጣታቸው መልካም ነው። ዳሩ ግን ስንት ሰው ቀጠሩ ብሎ ከመቍጠር ሌላ፣ ስንት ሰው አስተምረው ለቀቁ፣ ከዚያስ ስንቱ የራሱን ሥራ ከፈተ ብሎ መቍጠር ይገባል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገራችን አጎአ ከተባለው ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ገበያ የመግባት ዕድል ስትወጣ፣ በሐዋሳ ፓርክ ይሠሩ የነበሩ ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ሥራቸውን ዘግተው ሄዱ። ማሽን ይነቀላል፤ ገዢም ይሄዳል፤ በሰው እጅ ውስጥ የገባ ዕውቀት ግን አይነቀልም። ሠራተኛው ዕውቀቱን እንዲያካብት ደግሞ በሥራው ሊቈይ ይገባል፤ እንዲቈይም ከቤት ኪራይና ከምግብ የሚተርፍ ደመወዝ ያስፈልገዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም የደነገገውም የሠራተኛው ኑሮ ለአገር ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

ስለ ኮሪያ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1960ዎቹ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የዚያ አገር መንግሥት ለፋብሪካዎቹ ብድር በገፍ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ስጦታው መለኪያ ነበረው፤ ወደ ውጭ የሚልከውን ዕቃ በተባለው መጠን ያላደረሰ ፋብሪካ ድጋፉን ያጣ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ድጋፍ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ምን አፈራ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወተቷ የማይታይ የሰማይ ላም ለማርባት የሚበቃ ሣር በአገራችን የለም።

በመጨረሻም ከሁሉ የጠለቀውን ሥር ልናገር። አባቶቻችን በጀግንነት የታወቁ ቢሆኑም ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በመናቅ ራሳቸውን ጐድተዋል። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው የናቀ ገበሬ፣ ጦሩን የሚስልለትን ሰው ያንቋሸሸ ወታደር ብዙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ መከልከላቸው የነገሩን ክፋት ያሳያል። ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ይህ በሽታ ፈጽሞ አልለቀቀንም። ልጃችን ቢሮ ቢቀጠር ድግስ እንደግሳለን፤ ቶርኖ ቤት ቢገባ ግን ለጎረቤት መንገር እናፍራለን። ባለ ቶርኖውን አንድ ቀን «ይህን ጥበብ ለማን ያወርሱታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ፈገግ ብለው «ልጆቼ እንኳ የሥራ ልብሴን በገመድ ላይ ሲያዩት ያፍሩበታል» አሉኝ። ይህን ቃል የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዲህ ክቡራንና ክቡራት፤ ከመንግሥት የምንጠብቀው ነገር የተገለጠ ነው። መመሪያው በየጊዜው ከሥር እስከ ላይ የማይገለባበጥ ይሁን፤ ፋብሪካ የሚተክል ሰው ከ10 ዓመት በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ። ድጋፉ መለኪያ ይኑረው። ለአዲሱ ፋብሪካ የታሰበው ርኅራኄ ለቆመው ማሽን፣ ለጠጋኙና ለባለ ቶርኖውም ይድረስ።

ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ አያንስም። በመጪው በዓል በግ የምታርዱ ሁሉ፣ ሌጦው በቢላዋ እንዳይበሳ ተጠንቀቁ፤ ከሥጋውና ከስቡ አጽዱት፤ ሳይውል ሳያድር ጨው ነስንሱበት፤ ለሰብሳቢ አስረክቡት። የሚከፈላችሁ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፣ ከየቤቱ የተሰበሰበው ለፋብሪካው ሕይወት ነው። እጁ ወደ ብረትና ወደ መፍቻ የሚሄድ ልጅ ያላችሁም አትከልክሉት፤ በሥራ ልብሱም አትፈሩበት። የእኒያ ሽማግሌ ቶርኖ ወራሽ ይፈልጋልና።

ንፋስ ስልክ አንድ ጊዜ ቃልን ያለ ሽቦ ወደ ሩቅ አገር በመላክ ስም አገኘ። በእጃችን የተሠራ ዕቃም እንዲሁ ሩቅ አገር ደርሶ ስማችንን እንዲያስጠራ፣ እያንዳንዳችን በያለንበት ከሥሩ እንሥራ።

 እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ።